«ለኔ አትቸገሩ» የተባለበት አደባባይ

ጆሮ አላችሁ?

«አለን!»

ልብ አላችሁ?

«አለን!»

እንግዲያው ተረቱ በር ላይ ቆሟል፤ ጠጋ ጠጋ በሉና አስገቡት።

«ይግባ!»

እሰይ። ዛፍም፣ ገመድም፣ እንስሳም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ ዶቅማ የምትባል አንዲት የገበያ ከተማ ነበረች። ነዋሪዎቿ እንስሳት ናቸው። ከቆላ ግመል ይመጣል፣ ከደጋ በግ ይወርዳል፣ ከወንዝ ማዶ ላም ትሻገራለች፤ ሁሉም የሚገናኘው ከተማዋ መሀል ባለው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ሲዘንብ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ አቧራ ነው። ሌላ ምንም የለውም፤ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ብቻ ቆሟል።

የዶቅማ ሰው ታዲያ በጨዋነቱ አገር ያወቀው ነው። እንስሳ ማለቴ ነው! ጋሽ ሽብሩ፣ ገና ሳልጀምር አትሳቅብኝ፤ ሳቅ ሳቅ ካለህ እተወዋለሁ። እና የዶቅማ እንስሳ ይሉኝታው ለጉድ ነው። እዚያ አገር ምግብ ቀርቦ «ብላ» ስትባል «ኧረ በቃኝ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ሆድህ እየጮኸ ትላለህ። ባለቤቱ «በሞቴ!» ሲልህ «ኧረ ተወኝ» ትላለህ። «አፈር ስሆን!» ሲልህ ያን ጊዜ ጠጋ ብለህ ገበታውን ጠራርገህ ትነሣለህ። ሦስት ጊዜ ነው ልማዱ። በአንድ ጥያቄ «እሺ» ያለ እንደሆነ «ወይ ጉድ! ይሄ ያልተቀጣ!» ይባላል። ደግሞ «በሞቴ» የሚለው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እንግዳ እንግዳን አይለምንም። እናንተስ ቤት እንዲህ አይደል? አትሽኮርመሙ፣ ነው።

አንድ ቀን የከተማው ከንቲባ፣ ከርከሮ፣ ሕዝቡን ሰበሰበ።

«እስከ መቼ ጭቃ ላይ እንገበያያለን?» አለ። «አደባባይ እንሥራ! ደግሞ የሁሉም ይሁን። የቆላውም፣ የደጋውም፣ ክንፍ ያለውም፣ ቀንድ ያለውም ‹የኔ ነው› የሚለው ይሁን።»

ተጨበጨበ። እልል ተባለ። ማን ይንደፈው ቢባል ሁሉም በአንድ አፍ «ጉሬዛ!» አለ።

ጉሬዛን ታውቁታላችሁ፤ ያ ጥቁርና ነጭ ካባውን አጣፍቶ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለው። የጫካ ልጅ ነው። ዶቅማ ከመጣ ወዲህ ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ፣ ጥድ ላይ ነው የሚኖረው። እግሩ መሬት ነክቶ አያውቅም። ሙያው ግን ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ ከሰል ይዞ ቅርፊት ላይ መስመር ሲያወርድ ያየ ሁሉ አፉን ይዞ ይቀራል። ልቡም ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ኋላ እንዳትረግሙት። ችግሩ ጫካ ውስጥ ንግግር አጭር መሆኑ ነው። ጉሬዛ ጉሬዛን «ፍሬ ትፈልጋለህ?» ሲለው «አዎ» ካለ አዎ ነው፣ «አይ» ካለ አይ ነው። በሞቴ የለም፣ አፈር ስሆን የለም።

«ሁሉንም እጠይቃለሁ» አለ ጉሬዛ። «ያሉኝን እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን እሠራለሁ። ሳይጠየቅ የሚቀር የለም።»

ይሄ ምኑ ይነቀፋል? ምኑም አይነቀፍም።

ለመለኪያ የሚሆን የቃጫ ገመድ ተሰጠው። ገመዱ የዶቅማ ተወላጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያስር የኖረ፣ የስንቱን ሆድ ዙሪያ በልኩ የሚያውቅ። ጉሬዛ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ መጠየቅ ጀመረ።

መጀመሪያ አውራ ዶሮ እየሮጠ መጣ።

«ምን ይደረግልህ?»

«መድረክ!» አለ አውራ ዶሮ። «ከፍ ያለ መድረክ፣ እዚሁ መሀል ላይ! ከአራቱም አቅጣጫ የምታይበት! ደግሞ የሚጋርደኝ ቅጠል እንዳይኖር!»

ጉሬዛ ጻፈ። ቀጥሎ ፍየል መጣች።

«ላንቺስ?»

«ደረጃ!» አለች ፍየል። «ዙሪያውን ደረጃ! ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ የምልበት!»

ጻፈ። በሦስተኛነት ከንቲባው ራሱ መጣ።

«ለክቡርነትዎስ?»

«የሚያብረቀርቅ ድንጋይ» አለ ከርከሮ። «ዝቅ ስል መልኬን የማይበት።»

እስቲ አሁን የከርከሮ መልክ ምኑ ይታያል? ይሁን። ጻፈ።

ከዚያ የጨዋዎቹ ተራ ደረሰ።

እመት አህያ ጨው ተሸክማ ብቅ አለች። የከተማውን ጨው ከቆላ የምታመላልሰው እሷ ናት። ማን ጫናት አትበሉኝ፤ ተጭናለች። ሆዷ ገፍቷል፣ ወሯ ሊገባ ነው። አምና የመጀመሪያ ልጇ በጭነትና በፀሐይ መንገድ ላይ ጨንግፎባታል። ይሄኛውን በሕይወት አይታ፣ ልሳ፣ አጥብታ ማሳደግ ነው ምኞቷ፤ ሌላ ምኞት የላትም። በዚያ ሁሉ መንገድ የምታርፈውም አንድ ቦታ ብቻ ነው። ዋርካው ጥላ ስር ትደርስና ጭነቷን ግንዱ ላይ ደገፍ አድርጋ ትንፋሿን ትሰበስባለች።

«እመት አህያ» አለ ጉሬዛ፣ «አደባባይ ልንሠራ ነው። ላንቺ ምን ይደረግልሽ?»

አህያ አፈረች። ጆሮዎቿን ዘቀዘቀች።

«ኧረ ለኔ! ለኔ አትቸገሩ» አለች። «እኔ አላፊ ነኝ። ምንም አልፈልግም።»

«እሺ» አለ ጉሬዛ። ጻፈም፦ አህያ፣ ምንም አትፈልግም።

አህያ አልሄደችም። ትንሽ ቆመች። እየጠበቀች ነው፤ «በሞቴ»ን ነው የምትጠብቀው። ጉሬዛ ግን ከሰሉን ጆሮው ላይ ሰክቶ «ቀጣይ!» አለ። አህያም ጅራቷን አንዴ ወዝወዝ አድርጋ ሄደች።

ገመዱ ይህን ሲያይ ሰውነቱ ተኮማተረ። ያቺን ሆድ ያውቃታላ! ባለፈው ወር ስንት ክንድ እንደነበረች፣ ዛሬ ስንት ክንድ እንደሆነች ያውቃል።

«ጌታዬ…» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?» አለ ጉሬዛ።

«ኧረ ምንም።»

አያችሁ? እሱም የዶቅማ ልጅ ነዋ! ሲናደድ እንኳ በትሕትና ነው።

ቀጥሎ ግመል መጣ።

«አያ ግመል፣ ላንተስ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለ ግመል፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። «እንግዳ በሰው ቤት ምን ያዛል? ባለአገሮቹ የወደዱት ይሁን።»

«እዚህ መምጣት ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው?»

«ሠላሳ ዓመቴ» አለ ግመል።

ሠላሳ ዓመት እንግዳ! ሰምታችኋል? ሠላሳ ዓመት! ጉሬዛ ጻፈ፦ ግመል፣ የወደዱት ይሁን።

አሁን የሚመጣው ነው እኔን ሁልጊዜ የሚያንቀጠቅጠኝ። ያዝ አድርጉኝ።

ጉሬዛ የተጻፈውን ቢያነበው መድረኩ መሀል ላይ ነው፣ የሚጋርድ ቅጠል እንዳይኖር ተብሏል። መሀል ላይ ያለው ደግሞ ማን ነው? ዋርካው! ራሱ የተንጠለጠለበት ዋርካ! የዛፍ ልጅ ነውና፣ «ሳይጠየቅማ አይሆንም» አለ። ከቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ፣ ግንዱን በእጁ ይዞ፣ በአክብሮት ጠየቀ።

«አባ ዋርካ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ አንዲት ቅጠል አትነካም። አንድ ቃል ይበቃኛል። ቢቆረጡ ቅር ይልዎታል?»

ዋርካ በዕድሜ የከተማዋ ታላቅ ነው። ታላቅ ሰው ደግሞ በጉባኤ መሀል ቆሞ «ለኔ ሲባል ሥራው ይቅር» ይላል? አይልም፤ ነውር ነው።

«ኧረ ለኔ አታስቡ» አለ ዋርካ። «እኔ ጠግቤ ኖሬያለሁ። ለልጆቹ የሚበጀው ይሁን።»

ዝም። ሜዳው ሁሉ ዝም አለ። ሁሉም አንድ ሰው ተነሥቶ «በሞቴ አባ ዋርካ፣ ይቆዩልን!» እንዲል ይጠብቃል። ላም በግን አየች። በግ ግመልን አየ። ግመል አህያን አየ። ሜዳው የማን ነው? የሁሉም ነው። የሁሉም ከሆነ ባለቤቱ ማን ነው? ማንም! «በሞቴ» ማለት ደግሞ የባለቤት ነው። ዋርካውም ራሱ ይጠብቃል፤ ቅጠሉ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«እግዜር ይስጥልን» አለ ጉሬዛ፣ ዕንባው እየመጣ። ጻፈም፦ ዋርካ፣ ፈቅዷል።

መጥረቢያ መጣ። እግዚኦ!

አንድ ጊዜ አረፈበት። «እንዴ!» አለ ዋርካ በለሆሳስ። «የምራችሁን ነው እንዴ?» ማንም አልሰማውም፤ የሰማም እንዳልሰማ ሆነ።

ሁለተኛ አረፈበት። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አለ ዋርካ።

ሦስተኛ አረፈበት። ተንገዳገደ፣ ተሰነጠቀ፣ ወደቀ። ሲወድቅ ያለው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። «ይቅርታ» አለ፣ «ማንንም አልነካሁም አይደል?»

ወይኔ! ወይኔ ልጆቼ! አንድ ከተማ ሙሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጥላ የነበረበት ቦታ ላይ ፀሐይ ወለል ብላ ገባች። ላም አለቀሰች፣ በግ አለቀሰ፣ አህያ ፊቷን አዞረች። ግን እኮ ራሱ ፈቅዷል፤ ተጽፏል። ምን ይባላል?

ሥራው ቀጠለ። ድንጋይ ተፈለፈለ፣ ታሸ፣ ተነጠፈ። መድረኩ ተሠራ፣ ደረጃው ተሠራ። ጉሬዛ በየማታው ጥዱ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየዋል። ከላይ ሲታይ ያምራል፣ ቃል የለኝም! የተዘረጋ አዲስ ሰፌድ ነው የሚመስለው። ከላይ ነዋ የሚያየው። ሥራው ሲያልቅ ገመዱ ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ፤ የአህያን ጭነት ማሰር ያዘ።

የምረቃው ቀን መጋቢት ላይ ዋለ። ሰዓቱም እኩለ ቀን፣ ፀሐዩም አናት የሚበሳ። አገሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አውራ ዶሮ መድረኩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ ፍየል ደረጃው ላይ ትዘላለች፣ ከርከሮ አጎንብሶ መልኩን ያያል። ሌላው? ሌላው ዳር ዳሩን ቆሞ አንዴ አንዱን እግር፣ አንዴ ሌላውን እግር ያነሣል፤ ድንጋዩ ይፋጃላ! «እንዴት ነው አደባባዩ?» ሲባል ሁሉም «ግሩም ነው! እጃችሁ አይንቀጥቀጥ!» ይላል።

ከንቲባው ቀና ብሎ ንግግር ጀመረ። «ወገኖቼ! ይህ አደባባይ ሁሉም የተጠየቀበት ነው! ያልተጠየቀ የለም!» አለ።

በዚህ መሀል እመት አህያ ጨው እንደ ተሸከመች ደረሰች። ጨው ማራገፊያው ማዶ ነው፤ በአደባባዩ ሳያልፉ መድረስ የለም። ወሯ ገብቷል። አንዱን ደረጃ ወጣች። ሁለተኛውን ወጣች። ሦስተኛው ላይ ቆማ አለከለከች። እንደምንም ወጣችና የሚያብረቀርቀው ድንጋይ ላይ እግሯን ብታሳርፍ፣ እግሯ ሸተት! አራቱም እግሮቿ ወደ አራት አቅጣጫ ሄዱ። ጨው ከላይ፣ ትኩስ ድንጋይ ከታች፣ መሀል ላይ እሷና ሆዷ። ወዲያውም ምጥ ያዛት።

ጉድ! ጉድ! ሁሉም «እክ!» አለ። ከንቲባው ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«እመት አህያ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ይመስገን» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። «ንግግርዎን ይቀጥሉ።»

«እሰይ!» አለ ከንቲባው። ንግግሩን ቀጠለ።

ፍየል ከደረጃው ወርዳ ጠየቀቻት። «የሚያምሽ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! አረፍ ልበል ብዬ ነው።»

«እሰይ!» አለች ፍየል። ወደ ደረጃዋ ሮጠች።

ግመል ቀረብ አለ። ውሸቷን እንደሆነ አውቋል፤ የእናት ላብ ያስታውቃል። «እህቴ፣ ምን ልርዳሽ?» አላት።

«አትቸገር ወንድሜ። አንተም እንግዳ ነህ።»

ግመልም አንገቱን አቀርቅሮ ቆመ። ባለቤት ቢኖርማ «በሞቴ» ይል ነበር፤ እንግዳ ምን አፍ አለው?

እሷ እንደሆነች ጮክ ብላ እንኳ አላማጠችም። እንዲህ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዴት ትጩህ? ልጇ ሆዷ ውስጥ ይራገጣል፣ ጨው ወገቧን ይጫናል፣ ድንጋዩ ሆዷን ይጠብሳል፤ እሷ «ይመስገን» ትላለች። ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! ልትሞት ነው እኮ! እየሞተች ነው «ደህና ነኝ» የምትለው!

ያን ጊዜ ነው ገመዱ የፈነዳው።

«ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ደህና አይደለችም! ይቺን ሆድ የማውቃት እኔ ነኝ! ልጁ ሊወጣ ነው! ሁለቱም ሊሞቱ ነው! ጉሬዛ! አንተ ጉሬዛ! ውረድ!»

ሕዝቡ ደነገጠ። ከአህያዋ መውደቅ ይልቅ ገመዱ የተናገረው አስደነገጠው። በምረቃ ቀን፣ በከንቲባ ፊት፣ የተከበረች እመቤት «ውሸቷን ነው» ትባላለች? «ኧረ አንተ ገመድ፣ አፍህን ያዝ!» ተባለ። ገመዱ ግን እየጮኸ ራሱን ወጠረ፣ ወጠረ፣ ከመሀሉ ብጥስ አለ። ጨው ድንጋዩ ላይ ተዘረገፈ።

ጉሬዛ ጥዱ ላይ ሆኖ ሰማ። ከጥዱ ወደ ጣሪያ ዘለለ፣ ከጣሪያው ወደ ሌላ ጣሪያ ዘለለ። ከዚያ የሚዘልበት ዛፍ ፈለገ፤ የለም። ዛፉማ ተቆርጧል። ዐይኑን ጨፍኖ መሬት ላይ ወረደ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ የአደባባይ ድንጋይ ነካ።

«እሳት ነው! እሳት!» ብሎ ጮኸ። «ማን ነው ይሄን የሠራው?»

ሁሉም አየው። ማንም መልስ አልሰጠውም፣ በይሉኝታ። ቀስ ብሎ ለራሱ ገባው፤ የሠራው እሱ ነው። 

እየተንሸራተተ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ አህያዋ ዘንድ ደረሰ። ተንበረከከ።

«እመት አህያ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«ለኔ አትቸገር» አለች፤ ድምፅዋ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ጉሬዛ እጁን ወደ ከሰሉ ሰደደ። ልማድ ነዋ! ሊጽፍ ነው! የተበጠሰው ገመድ ከመሬት ሆኖ «ጣለው ከሰሉን!» አለው። «‹በሞቴ› በላት!»

«እኔ እኮ ባለቤት አይደለሁም» አለ ጉሬዛ።

«ታዲያ ማን ነው? ንገረኛ፣ ማን ነው?»

ጉሬዛ ዙሪያውን አየ። ከንቲባውን አየ፤ ከንቲባው ጫማ እንዳላደረገ ትዝ ያለው ይመስል እግሩን ያያል። አውራ ዶሮን አየ፣ ግመልን አየ፣ ላምን አየ። ሁሉም ሌላውን ያያል። ከሰሉን ወረወረው።

«በሞቴ!» አለ። «በሞቴ፣ እመት አህያ!»

«ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ ሰው ያየኛል።»

«አፈር ስሆን!» አለ ጉሬዛ፣ ዕንባው ዱብ ዱብ እያለ። «አፈር ስሆን ንገሪኝ!»

አህያ ቀና አለች። 

«ጥላ» አለች። «ጥላ ነበር የምፈልገው። የማራግፍበት ለስላሳ መሬት። ጉንጭ ውሃ። ደግሞ ይሄ ልጅ እንዳይሞትብኝ። አምና ሞቶብኛል። ይሄኛው እንዳይሞትብኝ!»

ኧረ ጩኸቷን በሰማችሁ! ያ ሁሉ ሕዝብ አህያ ስትለምን ሰምቶ አያውቅም። ክው አለ። ከዚያ ግን ሁሉም ባንዴ ተንቀሳቀሰ። ግመል ሠላሳ ዓመት እንግድነቱን ረስቶ ዘው አለና ሰውነቱን ጥላ አድርጎ ቆመባት። ጉሬዛ ካባውን አውልቆ ከሥሯ አነጠፈ። ላም ወደ ወንዝ ሮጠች፤ በግ ጀርባው ላይ ያለውን ጠጉር ሁሉ ሸልቱልኝ አለ። ከንቲባው ራሱ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ወዳጁ ከርከሮ፣ በክራንቻው ያን ያማረ ድንጋይ ፈንቅሎ ከሥሩ ቀዝቃዛ አፈር አወጣ። አውራ ዶሮ? አውራ ዶሮ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

ልጁ ወጣ። አፈሩ ላይ ወደቀ። አልተንቀሳቀሰም።

እናቱ ላሰችው። አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ላሰችው። አልተንቀሳቀሰም። ከተማው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ሦስተኛ ላሰችው።

«ራበኝ!» ብሎ ጮኸ ውርንጭላው።

ሕዝቡ ዘሎ ወደኋላ አለ። ምን አለ? ምን አለ ይሄ ልጅ?

«ራበኝ! ጠማኝ! ይሄ ድንጋይ አቃጠለኝ! እሱ ደግሞ ያንሸራትታል! ደረጃው ምን ያደርጋል? ያ ቀይ ዶሮ ለምን አናቴ ላይ ቆመ? ጥላ የለም እንዴ? ይሄ ምን ዓይነት ቦታ ነው?»

ወይ ጉድ! ሳይጠየቅ! አንድም ጊዜ ሳይጠየቅ! ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ፣ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ያዙ። እናቱ ከምጧ ይልቅ በዚህ ልትሞት ደረሰች።

«ኧረ ዝም በል አንተ ልጅ! ሰው ምን ይለናል!» አለችና ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ገና አልተቀጣም፤ አሁን መወለዱ ነው» አለች።

ጉሬዛ ግን እየተንፏቀቀ ሄዶ የወረወረውን ከሰል አነሣ።

«ተይው» አላት። «በሞቴ ተይው። በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈልገውን የነገረኝ ጨዋ እሱ ነው። ቀጥል ልጄ፣ ሌላስ ምን ጎደለ?»

ውርንጭላው ተናገረ። ጉሬዛም እዚያው የሚያብረቀርቀው ድንጋይ ላይ ጻፈ።

ውርንጭላው ሲናገር ሰምቶ ግመል ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም…» አለ። «እኔም ጉልበቴን የማጥፍበት አሸዋ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የምገበያየው።» ላም ልጆቿን የምትጠብቅበት አጥር፣ በግ ከነፋስ የሚከለል ጥግ ጠየቁ። እየፈሩ፣ እያፈሩ፣ እርስ በርስ «በሞቴ ንገረው» እየተባባሉ ተናገሩ። ሁሉም ሲጨርስ ዐይኑ ዋርካው ወደ ነበረበት ቦታ ዞረ። አንድ ያልተናገረ ነበር። ዋርካው ሦስተኛ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር ማን ያውቃል? ማንም አያውቅም፤ ዛሬም የሚያውቅ የለም። ጉሬዛ ያን ቀን አለቀሰ፣ ከተማውም አለቀሰ፤ ግን በልቅሶ ዛፍ አይቆምም።

አደባባዩ ፈርሶ ተሠራ። ደረጃው ተዳፋት ሆነ፣ አህያም ኤሊም የሚወጣው። ግማሹ ድንጋይ ተነሥቶ አሸዋ ተደፋበት። የሣር ጥላ ተተከለ፣ ገንዳ ተቆፈረ። አውራ ዶሮም መድረክ አልተከለከለም፤ ዝቅ ያለ፣ ዳር ላይ ተሰጠው። ጉሬዛ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከመንደፉ በፊት በባዶ እግሩ፣ በእኩለ ቀን፣ ቦታው ላይ ሦስት ጊዜ ይዞራል። ዶቅማም ሕግ አወጣች፦ አዲስ ነገር ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገና ያልተቀጣ ሕፃን ይሁን፤ አዋቂው ደግሞ እስኪናደድ ድረስ ይለመን፤ «በሞቴ» ባዩም እዚያ የተገኘ ሁሉ ይሁን።

ምክሩ ይሄውላችሁ፣ አደራ እንዳትጥሉት። «ምንም አልፈልግም» ያለ ጨዋ መልስ ሰጠኝ ብላችሁ አትጻፉ። የመጀመሪያውን መልስ የሰጣችሁ ለናንተ ክብር ነው፤ የራሱን ጉዳይ ገና አልነገራችሁም። ቦታው የሁሉም ነው ካላችሁም ባለቤቱ እናንተ ናችሁ፤ «በሞቴ» የሚል ሌላ ሰው አትጠብቁ።

ተረቴን ጨረስኩ፤ የወደደ ለጎረቤቱ ያካፍል፣ ያልወደደ የተሻለ ያምጣ።